አንድ ወደ ኋላ መልሺልኝ

ስብሰባ ባለበት ሁሉ፣ ልክ ሰው ቦርሳውን ማንሳት ሲጀምር እጁን የሚያወጣ አንድ ሰው አለ። የወላጆች ስብሰባ ላይ አለ፣ የሕንፃ ነዋሪዎች ስብሰባ ላይም አለ። እኔ በምማርበትም በምሠራበትም ሆስፒታል ይህ ሰው አንጋፋ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው። እኛ ሬዚደንቶች ስማቸውን ትተን «ክቡር ዶክተር ወደ ኋላ» እንላቸዋለን፤ በሌሉበት ነው ታዲያ።

ሬዚደንት ማለት ሐኪም ከሆነ በኋላ ስፔሻሊስት ልሁን ብሎ እንደገና ተማሪ የሆነ ምስኪን ነው። በዓመቱ መጨረሻ ጥናቱን በአዳራሹ ያቀርባል። የሚሰጠው ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው፤ ክቡርነታቸው ካሉ ግን ምሳውን ይርሳው። «አንድ ወደ ኋላ መልስልኝ» ይላሉ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ። ስላይዱ ይመለሳል። «ይሄ ነጥብ ነው ወይስ ዝንብ አርፋበት ነው?»

የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንቱን አልረሳውም። በሠንጠረዡ ላይ የአንዱን ሕፃን ዕድሜ አራት ሊል አርባ ጽፎ ነበር። «ይሄ አርባ ዓመት የሞላው ሕፃን ጡት አልጣለም?» አሉት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ልጁ ላቡ በጀርባው ወረደ። ሌላዋን ደግሞ የመጨረሻው ስላይድ ላይ ጽጌረዳ ስላስቀመጠች «አበባዋ ታካሚ ናት?» ብለው አፋጠጧት። እንዲህ ያለ ነገር ፈላጊ! ስንቴ አንጀቴ አሯል መሰላችሁ።

ተራዬ ደረሰ። እኔ የማዋልድ ሐኪም ነኝ፤ ጥናቴም በኦፕራሲዮን ስለወለዱ እናቶች ቁስል ነበር። ውጤቱ አፍ አውጥቶ ይናገራል፦ ኦፕራሲዮን ክፍል አንድ የገቡት ድነው ሲወጡ፣ ክፍል ሁለት የገቡት ቁስላቸው ያመረቅዛል። የክፍል ሁለት መሣሪያ ከጀርም የሚጸዳበት ማሽን እንፋሎቱን እንደሚያፈስ ሁላችንም እናውቃለን። ያመረቀዘውን የማጥበው እኔ ነኝ። አንዷ እናት «ዶክተርዬ፣ ልጄን ሳቅፈው ሆዴን እሳት ይለኛል፤ ለእህቴ ሰጠኋት ያዢልኝ ብዬ» ብላኛለች። ይህን ተሸክሜ ነው መድረክ ላይ የወጣሁት።

ሰብሳቢው የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር ነበር። አንቱታውን ለዛሬ ተዉልኝ። የክፍል ሁለት ስላይድ ብቅ ሲል ሰዓቱን አየ።

«ጊዜ አልቋል፤ ወደ ማጠቃለያው።»

«ኧረ ገና ነው፣ ዶክተር...»

ኮምፒውተሩን ለያዘው ባለሙያ በእጁ ምልክት ሰጠው። ስላይዶቹ ዘለሉና «አመሰግናለሁ» የሚለው ወጣ። ሰው አጨበጨበ። ደሜ ፈላ። የእናቶቹን ቁስል በጭብጨባ ሸፈኑት። ሰው ቦርሳውን ማንሳት ጀመረ።

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አልኩ በልቤ።

«አንድ ወደ ኋላ መልሺልኝ፣ ልጄ።»

«ዶክተር፣ ሰዓት የለንም እኮ» አለ ዳይሬክተሩ።

«እኔ አለኝ። ጡረታ የምወጣው በሚቀጥለው ወር ነው፤ እስከዚያ እቆማለሁ።»

ስላይዱ እስከ ክፍል ሁለት ተመለሰ። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ጠረጉ።

«ክፍል ሁለት ነገ ይሠራል?»

«ይሠራል» አልኩ። «ተራ የያዙ እናቶች አሉ።»

ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ። «እንግዲህ?»

«ጉዳዩ ይጣራል። ኮሚቴ እናቋቁማለን...»

«አንተ ልጅ፣ መርፌ አያያዝ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። የሚያመረቅዝ ቁስል ኮሚቴ አይጠብቅም። ትዘጋዋለህ አትዘጋውም?»

ቦርሳ ያነሳው ሁሉ መልሶ አስቀመጠ። ዳይሬክተሩ ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ፤ ሁለቱም አላዳኑትም። «ማሽኑ እስኪጠገን ይዘጋል» አለ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

ጉልበታቸውን ልስም ቃጣኝ። ክቡርነታቸው ግን አልተቀመጡም።

«አሁን ደግሞ አንድ ወደ ኋላ። በነጭ ላይ በቢጫ የጻፍሽው ማንም እንዳያነበው ነው?»

የቀረው ሰዓት በቢጫ አለቀ። ማይክሮፎኑን ብወረውርባቸው ደስ ባለኝ።

ማሽኑ ተጠገነ፤ እሳቸውም ጡረታ ወጡ። ዘንድሮ ሁለተኛውን ጥናቴን አቀረብኩ። በሰዓቱ ጨረስኩ። «በጣም ጥሩ ነው» አሉኝ፣ አጨበጨቡ፣ ሻይ ሊጠጡ ወጡ። አንዲት መስመር ሆን ብዬ በቢጫ ጽፌ ነበር። አንድ ሰው እንኳ ምነው አላለኝም። እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ደወልኩላቸው።

«ዶክተር፣ ዛሬ ጥናት አቅርቤ ማንም ምንም አላለኝም።»

«ቢጫው አለ?»

«አለ።»

«አንቺ ልጅ መቼም አትማሪም! በይ ላኪልኝ።»

ላኩላቸው። ይኸው ማታ ማታ እየደወሉ ሳምንት ሞላን፤ ገና ርዕሱን አላለፍንም።