የባልዲው ንድፈ ሐሳብ

ዕውቀትን ከፍ ያደረገ ሰው ስሙ ከፍ ሊል ይገባዋል። መሥሪያ ቤታችን፣ የትምህርት ጥናት ክፍል ማለቴ ነው፣ ይህን ከልቡ ስለሚያምን ተመራማሪን የሚለካው ሌሎች በጽሑፋቸው ስሙን በጠቀሱበት ጊዜ ብዛት ነው። ጽሑፍህን ማንም ባያነበው ግድ የለም፤ ዋናው መጠቀስህ ነው። እንዲህ ባለ ጥበብ የሚመራ ቤት ሌላ ቦታ መኖሩን እንጃ።

ከሁላችንም የላቀው ዶክተራችን አርባ ሦስት ጽሑፎች አሉት። አርባ ሦስቱም የሚመረምሩት ልጆች ክፍል ውስጥ ለምን እንደሚያንቀላፉ ነው። ሁለቱን አንብቤ ምክንያቱ በደንብ ገብቶኛል።

ለዓመታት እሱን የሚጠቅሰው እሱ ራሱ ነበር። አልፎ አልፎ የጎን ቢሮ ባልደረቦቹ ይጠቅሱታል፤ እሱም ውለታ አይበላም፣ ይጠቅሳቸዋል። ምቀኛ ይህን «እከክልኝ ልከክልህ» ይለዋል፤ እኛ ምሁራዊ ትብብር ነው የምንለው። እኔም ሁለት ጊዜ ተባብሬያለሁ።

ዕድሉ የተቃናለት በአርባ ሦስተኛው ጽሑፍ ነው። አባዝቶ ለመጽሔት ሊልክ ሲጣደፍ ማባዣው ላይ የተረሳ አንድ ወረቀት ገጽ አሥራ አንድ ሆኖ አብሮ ተጠረዘ። ወረቀቱ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የፅዳት ሠራተኛችን ለመጸዳጃ ቤቱ በር የጻፉት ማስታወቂያ ነበር፦ «ውሃ ሲመጣ ባልዲ ሙሉ። ሲጠፋ አትጩኹ። ያልሞላ አይግባ።»

የመጽሔቱ ገምጋሚዎች ጉድ አሉ። «እስከ ገጽ አሥር ድረስ አዲስ ነገር የለም፤ ገጽ አሥራ አንድ ግን ዘመን ይለውጣል» ብለው ጻፉ። ውሃው ዕውቀት፣ ባልዲው ተማሪው መሆኑ ለማን ይጠፋል? ጠቃሹ እንደ ጉንዳን ወረደ። አንዱ በ«አትጩኹ» ላይ ብቻ ሠላሳ ገጽ ጻፈ። ሁለት ሊቃውንት ባልዲው ክዳን አለው የለውም በሚል ተጣልተው እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም።

ሙሉ ፕሮፌሰር ለመሆን ሁለት መቶ ጊዜ መጠቀስ ግድ ነው። የዕድገት ኮሚቴው በተሰበሰበ ዕለት ዶክተራችን መቶ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ነበር። በዚያ ቀን ካልሞላ ቀጣዩ ዕድል ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ እሱ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ጡረታ ይወጣል። ምስኪን፣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

እትዬ የስብሰባ አዳራሹን ወለል ሊወለውሉ ገብተው ለኮሚቴው በትልቁ ተጽፎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ገጽ አሥራ አንድ አዩ።

«ውይ! ይቺማ የኔ ናት!»

«የቷ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ባልዲዋ ናታ! ለሽንት ቤቱ በር የጻፍኳት። ስፈልጋት ስፈልጋት አጥቼ ሌላ ጻፍኩ።»

ዶክተራችንን ላብ አጠመቀው። «እትዬ፣ ተሳስተዋል፤ ይሄ እኮ ንድፈ ሐሳብ ነው።»

«የምን ንድፈ ሐሳብ ዶክተርዬ? ሰዉ ባልዲ ሳይሞላ እየገባ አስቸግሮኝ ነው እንጂ!»

ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ። ሰባቱም የኮሚቴ አባላት ባልዲውን በየጽሑፋቸው ጠቅሰዋል፤ ሁለቱ እንዲያውም ማዕረጋቸውን ያገኙት በእሱ ነው።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ክቡራን፣ ጥያቄው ማን ጻፈው አይደለም። ማን አሳተመው ነው። እትዬ፣ አሳትመዋል?»

«በር ላይ ለጥፌያለሁ።»

«በየትኛው መጽሔት?»

«በሴቶቹ በር።»

«ይመዝገብልኝ፤ አላሳተሙም። አሁንም በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ይኸው ነው?»

«ቃል በቃል።»

«ቃል በቃል! ምንጭ ሳይጠቅሱ!» ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መቱ። «ይህ የለየለት የጽሑፍ ስርቆት ነው!»

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው እዚያው ተጽፎ፣ እዚያው ማኅተም ተመቶበት ተሰጣቸው። እትዬም በታዘዙት መሠረት ከማስታወቂያው ግርጌ የዶክተራችንን ስም፣ ዓመተ ምሕረቱንና «ገጽ 11» የሚለውን በወፍራም እስክሪብቶ ጨመሩ። ኮሚቴው በሙሉ አባላቱ መጸዳጃ ቤቱ በር ድረስ ሄዶ አየ፤ ቃለ ጉባኤ ያዘ፤ ሁለት መቶ ሞላ። ፕሮፌሰራችን እዚያው በር ላይ እንባው መጣ። እኛም አጨበጨብን።

እትዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«እኔስ ልጆቼ? ስንት ጊዜ ተጠቀስኩ?»

ሰብሳቢው ለእውነት የቆሙ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አገላበጡ።

«አንድ ጊዜ» አሉ። «በማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ላይ።»