ሁለት ዓሦች የያዙት ትርፍ ቤት

ነገሩ የተበላሸው እሁድ መጋቢት 16 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። የቤቶች ኮሚቴ ተጠሪ ጓድ ዓለምሰገድ ውሳኔውን አስቀድመው ስለሚያውቁት፣ ስብሰባው ሳይከፈት አንድ ባልዲ የቧንቧ ውሃ በመስታወት የዓሣ ሣጥኔ ውስጥ ገለበጡ። ስብሰባው 9 ሰዓት ከ25 ተከፈተ።

ቦታ፦ ቦሌ፣ የጸሐፊዋ ሳሎን፤ ሣጥኑን ወደ ቀበሌው አዳራሽ መሸከም ስላልተቻለ።

የተገኙ፦
1. ጓድ ገብረእዝጊ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር
2. ጓድ ዓለምሰገድ
3. ወ/ሮ መኪያ፣ የሴቶች ማኅበር ተወካይ
4. አምለሰት ገብረዋሕድ፣ ጸሐፊና የሣጥኑ ባለቤት

ሦስት አባላት በሰልፍ ልምምድ ምክንያት አልተገኙም። ከሰባቱ አራት በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ሣጥኑ ቤት ስለመሆኑ

ጓድ ዓለምሰገድ፣ አራት ግድግዳ፣ ክዳን፣ መብራትና ነዋሪ ያለው ነገር ሁሉ ቤት እንደሆነ፣ ባለቤቷም የምትኖርበት ሌላ ቤት ስላላት ይህኛው በአዋጁ የሚወረስ ትርፍ ቤት እንደሆነ አስረዱ። ጸሐፊዋ፣ ነዋሪዎቹ እንደ እርሳስ የቀጠኑ ሁለት የምጽዋ ዓሦች መሆናቸውን፣ ሹፌር ወንድሟ የባሕር ውሃ በጀሪካን እያመላለሰላት ሁለት ዓመት እንዳኖረቻቸው ገለጸች። ጓድ ሊቀመንበር «አንቺ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ዓሣ እሽሩሩ እንድትዪ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሣጥኑ ቤት እንዲሆን ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ደባል ስለማስገባት

ጓድ ዓለምሰገድ፣ ቤቱ ለሁለት ነዋሪ ስለሚሰፋ አራት ቆሮሶ የሚባሉ የዝዋይ ሐይቅ ዓሦች በደባልነት እንዲገቡ አሳሰቡ። ጸሐፊዋ፣ ቆሮሶ የባሕር ውሃ እንደማይችል፣ የእሷዎቹም ጨው ከቀነሰባቸው እንደሚሞቱ ብትናገር፣ «እኛስ ከደባል ጋር ለምደን የለ? ውሃው ግማሽ በግማሽ ይሁን» ብለው ጓድ ዓለምሰገድ ወደ ባዶ ባልዲያቸው አመለከቱ።

ወ/ሮ መኪያ፣ አንደኛዋ ዓሣ ሆዷ ስለተነፋ እርጉዝ መሆኗን ጠቅሰው፣ በእርጉዝ ላይ ደባል አይገባም ሲሉ ተቃወሙ። ጸሐፊዋ፣ እርጉዙ ወንዱ እንደሆነ፣ በዚህ ዘር እንቁላሉን ሆዱ ላይ ተሸክሞ የሚፈለፍለው አባትየው እንደሆነ አስረዳች። ለአምስት ደቂቃ ሥርዓት ጠፋ። ጓድ ዓለምሰገድ ይህ የአድኃሪያን ወሬ ነው አሉ። ወ/ሮ መኪያ «ስምንት ከወለድኩ በኋላ ነው ይህን የምታሰሚኝ?» አሉ። ሆኖም ከጸሐፊዋ ጋር ድምፅ ሰጡ። ድምፁ ሁለት ለሁለት በመሆኑ፣ በሊቀመንበሩ ወሳኝ ድምፅ ወንዱ እርጉዝ እንዳልሆነ፣ ስለዚህም ደባሎቹ እንዲገቡና ውሃው ግማሽ በግማሽ እንዲሆን ተወሰነ።

10 ሰዓት ከ40 ላይ ወንዱ ዓሣ ተገልብጦ ሞተ። ጸሐፊዋ ስብሰባው እንዲቆም ጠየቀች። ጥያቄው በአጀንዳ ስላልተያዘ ታለፈ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ወ/ሮ መኪያ «ጋሽ ገብረእዝጊ፣ ክዳንና ነዋሪ ያለው ሁሉ ቤት ከሆነ፣ የእርስዎ ባለ ሁለት ክፍል የዶሮ ቤትስ?» ብለው ጠየቁ። ጓድ ሊቀመንበር ላባቸውን ጠረጉ። ከአጭር ውይይት በኋላ ቤት ማለት ሰው የሚያድርበት ብቻ እንዲሆን፣ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ሣጥኑም ከነውሃው ለባለቤቷ እንዲመለስ ተወሰነ። ስብሰባው 11 ሰዓት ላይ ተበተነ።

ጓድ ሊቀመንበር ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው «ዓሣው ታሞ ሞተ ብለሽ ጻፊ፤ የሰው ስም አታንሺ» አሉኝ።

ዓሣው አልታመመም። ውሃውን ጓድ ዓለምሰገድ አፈሰሱበት፤ ጓድ ገብረእዝጊ አጸደቁት። ሰው ያደረገውን በራሱ እንደሆነ አድርጌ እንድጽፍ የሚሰጠኝን ትእዛዝ ከእንግዲህ አልቀበልም።

አምለሰት ገብረዋሕድ፣ ጸሐፊ