ጋሼ «ሰው አለበት»

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ቦታ ያዥ አይጠፋም። ራሱ የሚቀመጠው አንድ ወንበር ላይ ነው፤ የሚያስተዳድረው ግን ግማሽ ረድፍ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሁለገብ የስፖርት አዳራሽ ደግሞ የቦታ ያዦችን ሁሉ አለቃ፣ ክቡር ጋሼ «ሰው አለበት»ን ታድሎ ነበር።

ጋሼ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ናቸው። መረብ ኳስም ይሁን ቅርጫት ኳስ፣ በሩ እንደተከፈተ ከሁሉ ቀድመው ይገባሉ። ኮታቸውን አንዱ ወንበር ላይ፣ ጃንጥላቸውን ሌላው ላይ፣ ጋዜጣቸውን ገጽ በገጽ እየገነጠሉ በቀሩት ላይ ያነጥፋሉ። ሰው ሲጠጋ ቀና እንኳ ሳይሉ «ሰው አለበት!» ነው። አንዴ የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት ሳይቀር መልሰዋል ይባላል። ጋዜጣ ያለቀባቸው ቀን አንድ እግር ጫማቸውን አውልቀው ወንበር አስይዘዋል።

ከእሳቸው ጋር ዘወትር የምትጨቃጨቀው የበሩ ተቆጣጣሪ ነበረች።

«ጋሼ፣ የታለ ሰውየው?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«ጨዋታው እኮ ሊያልቅ ነው!»

«ታዲያ ደክሞት መጥቶ ቆሞ ይመልከት?»

አንዳንዴ ሰውየው ይመጣል፤ አንዳንዴ ጫማው ብቻውን ጨዋታውን ጨርሶ ይሄዳል። እሷም ስቃ ታልፋቸው ነበር።

የምረቃው ቀን ግን የሚያስቅ አልሆነም። ሜዳው ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ከቅርጫቱ ሥር መድረክ ቆሞ፣ ሰው እስከ መተላለፊያው ታጭቋል። ጋሼ መሐል ላይ ተቀምጠው፣ ጎናቸው ያለውን ወንበር በኮታቸው ይዘዋል። የቆመው ሰው አጉረመረመ። ተቆጣጣሪዋ ከጠዋት ጀምሮ ከሰው ጋር ስትጋፋ ነበርና ትዕግሥቷ አለቀ።

«ማንም የለም!» ብላ ጮኸችባቸው። «ዕድሜ ልክዎን ሰው አለበት! የትኛው ሰው? ያንሱልኝ!»

አዳራሹ ሳቀ። ጋሼ እንደወትሯቸው ይመልሱልኛል ስትል ብድግ አሉ። ኮታቸውን አነሱ፤ የራሳቸውንም ወንበር ለቀው ወጡ።

ትንሽ ቆይታ ነፋስ ልትቀበል ብቅ ስትል ደረጃው ላይ አየቻቸው። ኮቱ ተነጥፎ፣ በላዩ አንዲት ያረጁ እናት ምርኩዛቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። የጋሼ እናት ናቸው። ከሩቅ አገር የልጅ ልጃቸውን ሊያስመርቁ ሲመጡ መኪናው አዘግይቷቸዋል።

ተቆጣጣሪዋ ክው አለች። «እማማ፣ ላስገባዎት» ብላ ወደ በሩ ዞረች፤ ጠጠር መጣያ የለም። «እኔ ነኝ እኮ...» ስትል ጋሼ ቀደሟት።

«እማዬ፣ አዳራሹ ሞልቶባት ነው። እሷ ምን ታድርግ?»

ቢሰድቧት በተሻላት። የራሷን ወንበር አምጥታ አዛውንቷን አስቀመጠች። ድምፅ ማጉያው ስም ይጠራል፤ ውጭ የሚደርሰው ግን ጉርምርምታ ብቻ ነው።

«የእኛዋ ተጠራች?» አሉ እማማ።

ጋሼ ጆሯቸውን ወደ በሩ ጣል አድርገው ቆዩ። «እንጃ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው እንዳታመልጠን» አሉና ለተጠራው ሁሉ ያጨበጭቡ ጀመር። ጋሼም ተከተሉ። ተቆጣጣሪዋ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ እጇ እስኪቀላም አጨበጨበች።