ጋሽ ፌንግ ሰርቨር ሲመርጡ

በየሰፈሩ አንድ መራጭ አይጠፋም። ሌላው ሐብሐብ ያንኳኳል፣ ጨርቅ ይዳስሳል። የእኛ የታይናን ከተማው ክቡር ጋሽ ፌንግ ግን የሚመርጡት ሰርቨር ነው።

ኮምፒዩተር ላይ የሚጫነው ነጻ ሲስተም ቅጂው በየዩኒቨርሲቲው ሰርቨር በሚባል ማከማቻ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጧል። ከየትም ቢወርድ ያው ነው፤ ልዩነቱ ፍጥነት ብቻ። እኔ የመጀመሪያውን ተጭኜ እገላገላለሁ። እሳቸው ግን «ለችኩል ሰው የሚደርሰው ቀርፋፋ ሰርቨር ነው» ይላሉ።

ሰኞ ኮምፒዩተራችን ሞተ። ልጄ ዩሃን ደግሞ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚያው ኮምፒዩተር የሥራ ቃለ መጠይቅ ነበረባት። ጋሽ ፌንግ ማክሰኞ በጠዋቱ ላፕቶፓቸውን ታቅፈው ከች አሉ። እስከ ምሳ የሃያ ሰባት ሰርቨር ፍጥነት ለክተው ደብተር ላይ አሰፈሩ። ከምሳ በኋላ እንደገና ለኩ። ሁለት ቀሩ።

እኛ አገር ሰርቨር እንዳያምፅ አናቱ ላይ አረንጓዴ ፓኮ የበቆሎ ቺፕስ ይቀመጥለታል። ቢጫ አይሆንም። መብላት ነውር ነው። ጊዜው ካለፈበትም አይሠራም። ስለዚህ ጋሽ ፌንግ ከቀሩት ሁለቱ ወደ አንደኛው ዩኒቨርሲቲ ደወሉ።

«የኔ ልጅ፣ የእናንተ ቺፕስ ጊዜው የሚያልፈው መቼ ነው?»

«ማን ልበል?»

«አውራጅ ነኝ።»

የሰርቨሩ ጠባቂ ደነገጠ፦ «ውይ ጋሼ! ባለፈው ወር አልፎበታል! በፈጠረዎት ለአለቃዬ እንዳይነግሩብኝ!»

ሰርቨሩን በቀይ ሰረዙት፤ የቀረውን አንዱን ደግሞ እንደገና ሊለኩ ተቀመጡ።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ዩሃን ከላይ ኮት፣ ከታች የቤት ሱሪ ለብሳ ትንቆራጠጣለች። «አባዬ፣ አንድ ነገር በላቸው እንጂ!»

እኔ ደግሞ ሰው መናገር አልችልም። ስጨነቅ እጄ ያገኘውን ወደ አፌ ይልካል። ያገኘው ኢንተርኔት በሚያመጣልን ሞደም አናት ላይ የተቀመጠውን አረንጓዴ ፓኮ ነበር።

ጋሽ ፌንግ ቀስ ብለው ዞሩ። «በላኸው?»

«ሁለት ፍሬ ብቻ፣ ጋሼ።»

«በቃ። ዛሬ እዚህ ቤት ምንም አይወርድም።»

ዩሃን እንባዋ ሲመጣ አይተው ኪሳቸው ገቡና ፍላሽ አወጡ። «ትናንት ኮምፒዩተሩ መሞቱን እንደሰማሁ ከመጀመሪያው ሰርቨር አውርጄው ነበር። አራት ደቂቃ ፈጀ።»

«ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ምን ስናደርግ ነው የዋልነው?»

«የተሻለ ቢገኝስ ብዬ ነዋ!»

ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ኮምፒዩተሩ ተነሣ። ዩሃን ሥራውን አገኘች፤ አሁን የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው።

ቤቱ ጭር ሲል ጋሽ ፌንግ ለሞደሜ አዲስ ፓኮ ይዘውልኝ መጡ። ሱቁ ውስጥ ያለውን ሁሉ እያገላበጡ፣ ከሁሉ ዘግይቶ ጊዜው የሚያልፈውን ለማግኘት አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ ቆሙ ባለሱቋ ነግራኛለች። ፓኮውን አስቀምጠው ሊሄዱ ሲነሡ፣ ሻይ ጣድኩና «ጋሼ፣ ይሄ ኢንተርኔት ትንሽ የዘገየ መሰለኝ» አልኳቸው።

ምንም አልዘገየም ነበር። ደብተራቸውን ከብብታቸው አወጡና ተመልሰው ተቀመጡ።