የፀሐዩ ፀ

«ልጅሽ በቀን ስንት ሰዓት ፀሐይ ታገኛለች?» ብላ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ጠየቀችኝ። እኔ ሳይነጋ ወጥቼ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ አጥባለሁ። ከዚያ የጎልማሶች ትምህርቴን ተምሬ መሽቶ እገባለሁ። የአምስት ዓመት ልጄ ማስተዋል ከጎረቤት ጋር ቤት ትውላለች። ቤታችን ከፎቅ ጀርባ ስለሆነ በቀትርም አምፖል እናበራለን።

ሲስተሯ ካርዱን አየችና «ክብደቷ ጨምሯል፤ ጉልበት ግን የላትም። ምግቡ ብቻ አይደለም። የጠዋት ብርሃን የማያገኝ ሰው እንቅልፉም ረሃቡም ሰዓቱን ይስታል» አለችኝ።

እህቴ ጥሩወርቅ ይህን ሰምታ ከመተሐራ መጣች። «እኔ ጋ ግቢ አለ። ልውሰዳት» አለች። ነገ እነግርሻለሁ ብዬ ተኛሁ።

በሕልሜ እዚያው ጤና ጣቢያ ነበርኩ። ሲስተሮቹ ተሰልፈዋል፤ ሕፃናት ነጭ ጋውን ለብሰው ይመዝኗቸዋል። ብዙ የበላ ሰው ይቀልና ወደ ላይ ይነሳል። አንድ ወፍራም ሰውዬ ኮርኒሱ ላይ ተለጥፎ «ምሳዬን አቀብሉኝ» ይላል። ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

የኔ መዛኝ ማስተዋል ነበረች። መነጽር አድርጋለች።

«ነይ እናት፣ ጫማሽን አውልቂ። ፀሐይ ካየሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«እሁድ እሁድ ትንሽ አያለሁ።»

«እሁድ አይቆጠርም። እኔም አንቺም ያበጥነው በጥላ ነው።» ወረቀት ሰጠችኝ። «‹ፀሐይ› ብለሽ ጽፈሽ በሩ ላይ ስጪና አስገቢኝ። ቶሎ በይ፣ ሊዘጋ ነው።»

ፀሐይዋ ምድር ቤት ነበረች። ጽፌ ጨረስኩና ደረጃውን ወረድን። ሰዎች በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለው ይሞቃሉ፤ ሸንቀጥ ሲሉ ይወርዳሉ። በሩ ላይ ዱላ የያዘ አውራ ዶሮ ቆሟል። ወረቀቴን በምንቃሩ ገለበጠው።

«ይሄ የጸሎቱ ጸ ነው» አለ።

«ድምፁ አንድ አይደለም እንዴ፣ ጌታዬ?»

«ድምፁ አንድ ነው፤ ሙቀቱ ይለያያል። በዚህኛው መጸለይ ትችያለሽ፤ መሞቅ ግን አትችይም።»

«ትምህርት ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ ነው።»

«ታዲያ ፀሐይዋ የሦስት ወር ናት?»

ደግሜ ጻፍኩ። እጄ ላይ የቀረው ሳሙና አረፋ አወጣና ፊደሉን አጠበው። ከኋላዬ የተሰለፈች ሴትዮ «እናትዬ፣ እዚያው ጸልዪና እኛ እንለፍበት» አለችኝ። በሩ እስከ ግማሽ ድረስ ተዘግቷል።

ማስተዋል እርሳሱን ከእጄ ወሰደች። የፀሐዩን ፀ ክብ አድርጋ ጻፈችው፤ መሃሉንም አሰመረች።

«የጻፈ ይገባል» አለ ዶሮው።

«እናቷ ነኝ። አብሬያት ልግባ።»

«እናት መሆን ፊደል አይደለም።»

ልጄ ዞር ብላ ሳታየኝ ገባች። በአንገትጌዋ ሰቀሏት። እግሯን እያወዛወዘች ትስቅ ነበር። ልጠራት አፌን ስከፍት ነቃሁ።

ጥሩወርቅ የልጅቷን ልብስ በፌስታል ቋጥራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ወሰንሽ?»

«ውሰጃት» አልኳት።

ማስተዋል ስላልነቃች አዝዬ መናኸሪያ አደረስኳት። በአሥራ ሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ ሁለቱ ሄዱ። እኔ ቀረሁ።