የአስካለ ጅብ እና የትርንጎ ጅብ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ሕፃናቱ በየፍራሻቸው ሲተኙ፣ መምህርት አስካለም ጥግ ላይ ጋደም እንዳለች ሕልም ወሰዳት። የተኛችው ግን ተናዳ ነበር። እናቷ በሌለችበት ለጅብ በር የከፈተችውን ልጅ ተረት በዚያ መዋዕለ ሕፃናት ዐሥራ አንድ ዓመት ያወራችው እሷ ናት። በእሷ ተረት ጅቡ የእናትየውን ድምፅ አስመስሎ ይጣራል፤ ልጅቷ ትከፍታለች፤ ይበላታል፤ አለቀ። ዘንድሮ የተቀጠረችው መምህርት ትርንጎ ግን በራሷ ተረት ለልጅቷ በርበሬ ታስጨብጣታለች፤ ልጅቷም ጅቡ ዓይን ላይ በትናበት ታመልጣለች። ልጆቹ በሙሉ ወደ ትርንጎ ምንጣፍ ፈለሱ።

በሕልሟ ልጆቹ ወንበር ላይ ተኮፍሰው፣ አስተማሪዎቹ መሬት ላይ ተኮልኩለዋል። ርእሰ መምህርቷ ንፍጧ እንዲጠረግላት ተሰልፋለች። በሩ ተንኳኳና አንዲት እናት ጅብ ልጇን አስከትላ ገባች።

«ላስመዘግበው ነበር» አለች። «ግን እዚህ በር የሚከፍቱ ልጆች አሉ ይባላል። እኛ ሰፈር ልጆቻችንን የምናስፈራራው በእነሱ ነው።»

«ተረቱ እንዲህ አይደለም!» አለች አስካለ።

«የትኛው ተረት?» አለ አንድ ሽማግሌ ጅብ፣ ከጠረጴዛ ሥር ብቅ ብሎ። ሆዱ ተነፍቷል። አፉን ሲከፍት ልጅቷ ከውስጥ ወጣች፤ ነጠላ ጫማዋ እንኳ አልወለቀም።

«ዐሥራ አንድ ዓመት!» ብላ አስካለ ላይ ጮኸች። «አንድ ቀን እንኳ አላስወጣሽኝም። የትርንጎዋ ልጅ በየቀኑ ቤቷ ትገባለች።»

«እንድትጠነቀቂ ብዬ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ!»

«ከተበላሁ በኋላ ነው የምጠነቀቀው?»

አስካለ ወደ ጅቡ ዞረች። «አንተ እንኳ ንገራት፣ አያ ጅቦ። ስንት ዓመት አበላሁህ!»

ጅቡ አንገቱን ደፋ። «እንዳትቀየሚኝ፣ እትዬ አስካለ። የዚያችኛዋ በርበሬ ያቃጥላል። ቢሆንም ስወድቅ ልጆቹ ይስቁልኛል። አንቺ ጋ የሳቀልኝ የለም።»

ልጅቷን አዝሎ፣ እናት ጅቧንም ከነልጇ አስከትሎ ወደ ትርንጎ ምንጣፍ ሄደ። ትርንጎ ሁሉንም እያቀፈች ሳመቻቸው። አስካለ ደረቷ ውስጥ ፍም የገባ መሰላት።

«የእኔ ጅብ ነው! መልሺልኝ!» ብላ ጭራውን ስትይዝ ነቃች።

የያዘችው የትራስ ጫፍ ነበር። ልጆቹ ተነሥተው ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ተረት የምታወራው ግን ትርንጎ አልነበረችም፤ የአምስት ዓመቷ ቢሊሌ ናት። ትርንጎ ግድግዳውን ተደግፋ ፊቷን አኮሳትራለች።

«ከዚያ ልጅቷና ጅቡ ጓደኛ ሆኑ» አለች ቢሊሌ። «በሩ ተንኳኳ። ቲቸሮቹ ናቸው። ልጅቷ ከፈተችላቸው። ጅቡ መጀመሪያ ቲቸር ትርንጎን በላት። ቀጥሎ ቲቸር አስካለን።»

ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። አስካለ ከፍራሹ ብድግ አለች።

«ቆይ» አለች፣ ጣቷን ወደ ትርንጎ ቀስራ። «እሷ ለምንድን ነው የምትቀድመው?»