ክቡር ካቻቢቴ

ሦስት ኮምፒውተር ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ሥራውን ከመሥራት ይልቅ የሚሠራበትን ዕቃ ሲያሰናዳ ዕድሜውን የሚፈጅ አንድ ሰው አይጠፋም። ፕሮግራም በምንጽፍበት በእኛ ክፍል ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ካቻቢቴ ናቸው። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ካቻቢቴዋ ከሸሚዝ ኪሳቸው ተለይታ አታውቅማ! በዕድሜ እኩያዬ ናቸው፤ አንቱታው ለሹመቱ ነው።

የእሳቸው ኮምፒውተር ጎኑ ተከድኖ አያውቅም። "መተንፈስ አለበት" ይላሉ። ጠዋት ገብተው አቧራውን በቀለም ብሩሽ ይጠርጋሉ፣ ገመዶቹን ፈትተው እንደገና ያስራሉ፣ ከዚያ ኮድ መጻፊያውን ከፍተው የፊደሉን መጠን ያሳንሳሉ፣ ያሳድጋሉ፣ መልሰው ያሳንሳሉ። "ይቺን ብቻ ላስተካክልና እጀምራለሁ።" ይቺ ግን እህት አጥታ አታውቅም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አንድ መስመር አልተጻፈም፤ ማሽኑ ግን እንደ ሙሽራ ተኳኩሏል።

በራሳቸው ቢበቃቸው ምን ነበረበት! የእኔ አዲስ ኮምፒውተር የመጣ ዕለት፣ "ተነሺ አንቺ፣ ሻይ ጠጥተሽ እስክትመጪ አዘጋጅልሻለሁ" አሉኝ። ሻዩን ጠጣሁ። ምሳዬንም በላሁ። በማግስቱ ስገባም ወንበሬ ላይ ነበሩ።

ባለፈው ወር ግን ነገሩ ከረረ። ለአንድ ክሊኒክ የሠራሁትን የቀጠሮ ፕሮግራም ከሰዓት በኋላ ለክሊኒኩ ኃላፊ ላሳይ ነው፤ ካልወደደችው ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ጠዋት ብቅ ስል ክቡርነታቸው ኮምፒውተሬ ላይ አጎንብሰዋል።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ምንም! ውስጡ ያለውን ያረጀ ሶፍትዌር ሁሉ በአዲስ ቀየርኩልሽ። እንግዳ ፊት በአሮጌ ይቀረባል እንዴ?"

የተሠራው በአሮጌው ነበርና፣ ፕሮግራሜን ብነካው አልነሳ አለ። ትናንት እንደ ልቡ ይሮጥ የነበረው ዛሬ ቀይ ጽሑፍ ብቻ ይተፋል። መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥዬ ጮህኩ። ያልኩትን እዚህ አልደግመውም።

ክቡር ካቻቢቴ ከቦርሳቸው የልጃቸውን ካልሲ አወጡ፤ ከካልሲው ውስጥ ደግሞ ዲስክ። ለካስ በየቀኑ ከመውጣታቸው በፊት የሁላችንንም ሥራ ከነማሽኑ ሶፍትዌር ዲስኩ ላይ እየገለበጡ ያስቀምጡ ኖሯል! ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አላመሰገናቸውም።

"ትናንት እንደነበረ አድርጌ እመልስልሻለሁ" አሉ። ኃላፊዋ ደረጃውን ስትወጣ ፕሮግራሜ ተነሳ። ወደደችውም።

አለቃችን ግን ወሬውን ሰምቶ ክቡርነታቸውን ወደ ታችኛው ፎቅ አዛወራቸው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሬን ራሱን እንኳ አሞት አያውቅም። የሚነካካው የለም፣ የሚጠርገው የለም፣ "ይቺን ብቻ" የሚል የለም። ክፍሉ ጭር አለ። ናፈቁኝ፣ ምን ይደረግ!

ትናንት የስክሪኑን ገመድ ከኋላ ነቀል አደረግኩና ደወልኩላቸው። "ድረስልኝ፣ ጨለመብኝ!"

ደረጃውን በሩጫ ወጡ። ገመዱን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ራስሽ ነቅለሽው ነው አይደል?"

"አዎ።"

ገመዱን መልሰው ሰኩ። ከዚያ ካቻቢቴዋን ከኪሳቸው እያወጡ፣ "ከመጣሁ አይቀር፣ ይቺን ብቻ ላስተካክልልሽ" አሉ።

ወንበሬን ለቀቅኩላቸውና ለሁለታችንም ምሳ ላመጣ ወጣሁ።